«ቅመሞቼስ የት ሄዱ?»

ደሴን የሚያውቅ ሰኞን ያውቃል። ጦሳ ላይ ያደረው ጉም ሳይገፈፍ ሰዉ፣ አህያው፣ ጋሪው፣ ባጃጁ ወደ አንድ አቅጣጫ መፍሰስ ይጀምራል። ሰኞ ገበያ ስሙ ራሱ ቀጠሮ ነው፤ ማንም «መቼ?» ብሎ አይጠይቅም።

ባለፈው ዓመት ከእነዚህ ሰኞዎች በአንዱ አንዲት ቅመም የሚሸጡ እናት ፎቶ አነሳሁ። ፈቃድ ጠይቄ ነው። «እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» ስላቸው መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ደግሞ ፊታቸው የተዘረጋውን ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላልና አብሽ በእጃቸው ደልደል ደልደል አደረጉት። «በል እንግዲህ አሳምረህ አንሳኝ፤ ጅዳ ላለችው ልጄ ትልክልኛለህ» አሉኝ። ያኔ ቅመሙን ደልደል ማድረጋቸውን ልብ አላልኩትም። ይሄን ሁሉ የምጽፈው ግን በእሱ ምክንያት ነው።

ካሜራው ከጓደኛዬ የተዋስኩት ፉል ፍሬም ነበር፤ ሌንሱ ደግሞ 85 ሚሊ ሜትር። ፖርትሬት መማር የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመከረው ሌንስ ነው። አፐርቸሩን እስከ 1.8 ከፈትኩት፣ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ አልኩ፣ ዓይናቸው ላይ ፎከስ አደረግኩ፣ ነካሁት። ማታ ቤት ገብቼ ላፕቶፔ ላይ ከፈትኩት። ፊታቸው ጥርት ብሎ፣ ከኋላና ከፊት ያለው ገበያ ሁሉ ሟሙቶ የቀለም ክብ ክብ ሆኗል። በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ኤዲቲንግ ጀመርኩ፤ ቆዳቸውን አለሰለስኩ፣ ፊታቸውን ትንሽ አፈካሁ፣ «እንከን አጥፋ» የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ። በቀጣዩ ሰኞ በትልቁ አሳትሜ ወሰድኩላቸው።

ረጅም ጊዜ አዩት። «ቆንጆ ናት» አሉ። «ናት» ነው ያሉት፣ «ነኝ» አላሉም። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው ከጀርባው የቀረ ነገር ካለ የሚፈልጉ ይመስል አዩትና «ቅመሞቼስ የት ሄዱ?» አሉኝ። ቀጥለው አገጫቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። እዚያ ቦታ ላይ በልጅነታቸው የተነቀሱት አንድ አረንጓዴ ነጥብ አለ። ፎቶው ላይ የለም። «ይቺንስ ማን ፋቃት?»

ምን ልበላቸው? «ሶፍትዌሩ ነው» ልበል? ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ሶፍትዌሩ ነው ብሎ ማምለጥ ለሌላ ሰው ይሆን ይሆናል፣ ለኔ አይሆንም።

ስድስት ሴንቲ ሜትር

መጀመሪያ የሌንሱን ነገር እንይ፤ ምክንያቱም የተሳሳትኩት ኤዲቲንግ ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው።

ብዙ ሰው «ዋይድ ሌንስ ፊት ያበላሻል፣ 85 ፊት ያሳምራል» ይላል። እኔም እል ነበር። ትክክል አይደለም። የፊትን ቅርጽ የሚወስነው የቆምክበት ርቀት ነው። ቀላል ሒሳብ ነው። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ አሥር ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ስልክህን ከአፍንጫህ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይዘህ ሰልፊ ብትነሳ ጆሮህ ከካሜራው 40 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። 40 ለ30 ሲካፈል 1.33 ነው፤ አፍንጫህ ከጆሮህ አንጻር 33 በመቶ ገዝፎ ይታያል ማለት ነው። ሁለት ሜትር ራቅ ብለህ ብትነሳ ግን 210 ለ200 ነው፤ ልዩነቱ 5 በመቶ ብቻ። በ24ም አንሳው በ85፣ ከአንድ ቦታ እስከቆምክ ድረስ መሐል ላይ ያለው ፊት ያው ነው። ሌንሱ የሚወስነው ከዚያ ቦታ ከሚታየው ዓለም ምን ያህሉ ፍሬሙ ውስጥ እንደሚገባ ነው። 85 ከሩቅ እንድትቆም ይፈቅድልሃል፤ ዋይዱ ቅረብ ይልሃል። ልጆች ሆይ፣ አፍንጫችሁን አትውቀሱ፤ ክንዳችሁ አጭር ሆኖ ነው።

ይህ ለኔ የፊዚክስ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ሌንስ ስንመርጥ ርቀት እየመረጥን ነው። ከሰውየው ስንት እርምጃ ልራቅ? ሊያናግረኝ የሚችልበት ቦታ ላይ ልቁም ወይስ የማይሰማኝ ቦታ? ከሰኞ ገበያ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ባቲ ብትወርዱ፣ የባቲም ገበያ ሰኞ ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ስለሆነ ቱሪስት ይወደዋል። ክንድ የሚያህል ቴሌ ሌንስ ከመኪና መስኮት አውጥቶ ማንሳት እዚያ አዲስ ነገር አይደለም። የሚነሳው ሰው መነሳቱን አያውቅም። ያኛው ሌንስ ከ85 ይረዝም ይሆናል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ፊትህን እፈልገዋለሁ፣ አንተን ግን አልፈልግም።

እኔ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ እሱ ልክ ነው። ግን የመረጥኩት ሌንስ በሁለት ሜትር ርቀትና በ1.8 አፐርቸር ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ስንት እንደሆነ በኋላ አሰላሁት፤ ስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከቅንድብ እስከ ጆሮ ግንድ እንኳ በቅጡ አይደርስም። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጭጋግ ነው። ቅመሞቹ ከፊታቸው ግማሽ ሜትር ርቀው ነበር የተዘረጉት። እኚያ እናት ለፎቶው የተዘጋጁት በፊታቸው ሳይሆን በቅመማቸው ነበር፤ ደልደል ያደረጉት እሱን ነው። ልጃቸው እንድታይላቸው የፈለጉት «እናትሽ ቆንጆ ናት» የሚለውን ሳይሆን «እናትሽ ሠርታ ታድራለች» የሚለውን ነው። እኔ ደግሞ ለዚህ መልእክት ስድስት ሴንቲ ሜትር ሰጠሁት።

አሁን ስልኩም ይህንኑ ያደርጋል። አፕል በ2016 እ.ኤ.አ. በአይፎን 7 ፕላስ «ፖርትሬት ሞድ» የሚለውን ካመጣ ወዲህ ሶፍትዌሩ ራሱ ሰውየውን ከቦታው ለይቶ የቀረውን ያደበዝዛል። አንዳንዴ የነጠላውን ጥለት አብሮ ይቆርጠዋል። ቦታን ማጥፋት የአንድ ጣት ሥራ ሆኗል፤ ደግሞ «ፕሮፌሽናል» ይባላል።

የማን ቆዳ ነው?

ወደ ኤዲቲንጉ እንምጣ። እዚህ ጋ ራሴን በትንሹም ቢሆን ልከላከል።

ካሜራ ብርሃን ሲለካ የሚያየው ነገር በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል። አንድ ሰው ነጭ ነጠላ ተከናንቦ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊቱ ይጠቁራል። ክርስትና፣ ሠርግ፣ ለቅሶ ላይ የተነሳ ሁሉ ያውቀዋል፤ ነጠላው አለ፣ ሰውየው የለም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከማንሳትህ በፊት የኤክስፖዠር ማካካሻውን አንድ ስቶፕ ከፍ ማድረግ፣ ካልሆነም በኋላ ፊቱን ማፍካት። ስለዚህ የእማማን ፊት ማፍካት ስጀምር ጥፋት አልነበረም። ካሜራው የወሰደባቸውን ብርሃን እየመለስኩ ነበር።

ችግሩ ስላይደሩ «እዚህ ጋ መለስክ፣ ከዚህ በኋላ እየቀየርክ ነው» ብሎ አያቆምህም። ያለፈውን ሁሉ ቀጠልኩበት። ለምን? ጥሩ ስለመሰለኝ። ለምን ጥሩ መሰለኝ? ይሄኛው ጥያቄ ከኔ ይበልጣል።

የቀለም ፊልም በነገሠበት ዘመን ኮዳክ ለማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፤ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ በነበረችው ሠራተኛ ስም ካርዱ «ሸርሊ» ተባለ። የሷ ቆዳ ጥሩ ሆኖ ከወጣ ማሽኑ ልክ ነው ማለት ነው። የኛ ዓይነት ቆዳ ጭቃ መስሎ ቢወጣ የማሽኑ ችግር ሆኖ አይቆጠርም። ኮዳክ ለጥቁር ቀለማት መጨነቅ ከጀመረባቸው ምክንያቶች አንዱ ደግሞ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ ማስታወቂያ የሚያሠሩ ደንበኞች ማጉረምረማቸው ነው። ከሰው ይልቅ ወንበር ተሰማ። ጉግል «የሁሉም ሰው ቆዳ በትክክል ይውጣ» ብሎ የስልኩን ካሜራ እንደ አዲስ ማስተካከሉን ያወጀው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው፤ ትናንት ማለት ነው።

ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህን በአንድ ቃል ይረዳዋል፤ ዲፎልት። ዲፎልት ማለት ማንም ሳይጠየቅ ሁሉም ላይ የሚሠራ የሆነ ሰው አስተያየት ነው። የማለስለሻው፣ የማፍኪያው፣ የእንከን ማጥፊያው ዲፎልት አንድ ሰው የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ «ጥሩ ፊት እንዲህ ነው» ብሎ የወሰነው ነው። እንከን ማጥፊያው የሚሠራበት መንገድ ደግሞ ትንሽ ያስፈራል። ከዙሪያው የተለየ ነጥብ ይፈልጋል፣ ከጎረቤቱ ቆዳ ቀድቶ ይሸፍነዋል። ለሱ ከጎረቤቱ የተለየ ሁሉ ስህተት ነው። ብጉርና ንቅሳት አንድ ናቸው። እማማን በልጅነታቸው ሰው ይዟቸው፣ አልቅሰው፣ ደምተው ያገኟትን ነጥብ በአንድ ሰከንድ ውስጥ «ፈወሰላቸው»።

ፎቶን መነካካት የፎቶሾፕ ፈጠራ አይደለም። ድሮ የስቱዲዮ ባለሙያዎች ኔጌቲቩን በእርሳስ እያሻሹ መጨማደድ ያጠፉ ነበር። ከምኒልክ ጊዜ ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሳ የነበረው የአርመኑ የቦያጂያን ቤተሰብም ንጉሡን ገበያ መሐል አስቀምጦ አላነሳም፤ ዙፋኑም፣ መጋረጃውም፣ ርቀቱም ምርጫ ነበር። ልዩነቱ ያኔ የሚያሻሸው እጅ ምን እያጠፋ እንደሆነ ማየቱ ነው። እኔ አላየሁም። ቁልፍ ነው የተጫንኩት።

ሁለት ጊዜ የተቆረጠች ወሎ

«አንድ ነጥብ ጠፋች ብለህ ይሄን ሁሉ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ግን እኔ የተወለድኩበት አገር ስሙ ራሱ በሁለት ፎቶዎች የተሠራ ነው፤ ሁለቱም ተቆርጠዋል።

አንደኛው ፎቶ አገር ውስጥ ያለው ነው። ወሎ ሲባል ቁንጅና፣ ዘፈን፣ ቡና፣ ፍቅር። አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም ሆነዋል። አዲስ አበባ ሄደህ «ከደሴ ነኝ» ስትል ከሰላምታ በፊት የሚመጣው «አይ የወሎ ቆንጆ!» ነው። ሁለተኛው ፎቶ የውጭው ነው። እዚያ ወሎ ማለት ረሃብ ነው።

የሁለተኛው ፎቶ ታሪክ ሌንስና ኤዲቲንግ ምን እንደሚያደርጉ የሚያሳይ ትልቅ ትምህርት ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ መንግሥት የደበቀውን የወሎ ረሃብ ቀርጾ በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ያ ፊልም ባይኖር መደበቁ ይቀጥል ነበር። በዓመቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ለኢትዮጵያ ሕዝብ አሳየ። ግን እንደነበረ አይደለም። በረሃብተኛው ምስል መካከል የቤተ መንግሥቱን ድግስና ጃንሆይ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳይ ምስል እያስገባ ቆራርጦ ቀጠለው። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ።

እስቲ አስቡት። ከምስሎቹ አንዱም ሐሰት አልነበረም። ረሃቡ እውነት፣ ድግሱ እውነት፣ ውሾቹ እውነት። የተጨመረው መቀጠሉ ብቻ ነው፤ ፍርዱ ያለው ግን መቀጠሉ ውስጥ ነው። ፍርዱ ልክ ነበር የሚል ሰው አለ፤ ረሃቡን መደበቃቸው እውነት ነውና ልከራከረው አልችልም። የሚገርመኝ ከአሥር ዓመት በኋላ የሆነው ነው። መስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በታላቅ ድግስ ሲያከብር ሰሜኑ እየተራበ ነበር፣ እሱም በፋንታው ይደብቅ ነበር። ያኔ አንድ ሰው ያንን ድግስና ያንን ረሃብ በአንድ መቀስ ቢቀጥላቸው ኖሮ ያው ፊልም ይወጣ ነበር። የወሎ ሰው በሁለቱም ውስጥ ያው ነው፤ የሌላ ሰው ክርክር ማስረጃ።

ከወር በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የተቀረጸው የማይክል በርክና የኬንያዊው ካሜራማን የመሐመድ አሚን ዘገባ በቢቢሲ ታየ። ዓለም ተነቃነቀ። በዚያው ዓመት የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት መጣ። ያ ካሜራ የሰው ሕይወት አድኗል። አሚን ራሱ በኅዳር 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ሞተ፤ ይህን አገር ዓለም እንዲያይ ያደረገው ሰው መጨረሻው ከዚህ አገር በተነሳ በረራ ላይ ሆነ።

ታዲያ ምኑ ነው የጎደለው? ከፍሬሙ ውጭ የቀረው። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ረሃብ ባሳተመው መጽሐፉ የ1966ቱን የወሎ ረሃብ ሲመረምር ያየው አንዱ ነገር የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ነው። የሚጠበቀው ረሃብ ሲሆን ዋጋ ሰማይ እንዲነካ ነበር። አልነካም፤ ከወትሮው ብዙም አልራቀም። እንዲያውም ከወሎ እህል እየወጣ ይሄድ ነበር። ገበሬው አዝመራው ስለከሸፈና ከብቱ ስላለቀ የሚገዛበት አቅም አጣ፤ እህሉ ገበያው ላይ እያለ።

ይህን ሳነብ ዝም ብዬ ቀረሁ። የደሴ ገበያ! ሰው በሚሞትበት ጊዜ አንድ ሰው ዋይድ ሌንስ ይዞ ቢቆም ኖሮ ፍሬሙ ውስጥ የሚገባው የከሳ ፊት ብቻ አይደለም፤ ጆንያው፣ ሚዛኑ፣ ጫኙ መኪና፣ ወደ ሌላ አገር የሚሄደው መንገድም ይገባል። የከሳው ፊት ብቻውን ሲታይ «እግዜር ዝናብ ነሳቸው» ይላል። ከጆንያው ጋር ሲታይ ግን «ማን? ለምን?» ያሰኛል። ቅርቡ ሌንስ አዘኔታ ሰጠን፤ ጥያቄውን ግን አደበዘዘው።

የአውሮፓ የእርዳታ ድርጅቶች ራሳቸው ይህን ቆይተው አስበውበታል፤ በ1989 እ.ኤ.አ. የድሃ አገር ሰውን ያለ ስምና ያለ ምክንያት፣ የሚታዘንለት ዕቃ አድርጎ ማሳየትን የሚከለክል የምስል ሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። ጥሩ ነው። ግን ለኔ ያልተመለሰ አንድ ነገር ይቀራል። የእህል ዋጋ ግራፍ አይቶ ማን ብር ይልካል? ያን ቀን ኮረም ላይ ሆኜ በእጄ ያለው አንድ ሌንስ ቢሆን ምን አነሳ ነበር? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፊቱን ነበር የማነሳው። ሰው እየሞተ ስለ ዐውድ አልከራከርም። ስለዚህ አሚንን አልወቅስም። የምወቅሰው ከዚያ በኋላ 40 ዓመት ሙሉ ያንን ፎቶ ብቻ እየደጋገመ ያየውን ዓለም ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሳይል።

የተሸካሚው ልጅ ጫማ

እዚህ ላይ ጽሑፉን «ስለዚህ ዋይድ ሌንስ ሐቀኛ ነው፣ 85 ውሸታም ነው» ብዬ ብዘጋው ያምር ነበር። እኔም ለጥቂት ሳምንት እንደዚያ አምኜ ነበር። 24 ሚሊ ሜትር ይዤ ገበያ ወጣሁ፣ ሁሉንም ነገር ፍሬም ውስጥ ማስገባት ጀመርኩ።

አንድ ጭነት የሚሸከም ወጣት «ብሮ፣ እኔንም አንሳኝ» አለኝ። ቀረብ ብዬ ሙሉ ቁመቱን፣ ከነጆንያው፣ ከነገበያው አነሳሁት። አሳየሁት። ፊቱ ተለወጠ። «ብሮ፣ ከወገብ በላይ አድርጋት እንጂ» አለኝ፤ ወደ ታች አየሁ። ጫማው በሽቦ የታሰረ ነው። ቀና ሲል ግን ሸሚዙ ንጹሕ፣ ፀጉሩ በሥርዓት የተቆረጠ፣ ፈገግታው እሳት ነው። ፕሮፋይል ፎቶ ነበር የፈለገው። እኔ ደግሞ «ዐውድ» ሰጠሁት።

ለእማማ መቁረጥ መስረቅ ነበር፤ ለዚህ ልጅ መቁረጥ ማክበር ነው። አንድ ዓይነት ድርጊት፣ በዚያው ገበያ፣ ተቃራኒ ትርጉም። የልጁን ጫማ ብተወው «እውነታውን አሳየሁ» እል ነበር። ግን የሱን ሕይወት ማስረጃ ለማድረግ ማን ፈቀደልኝ? ደርግም «እውነታውን አሳየሁ» ነው ያለው።

ሌላም ልጨምር። የአጎቴ ልጅ ለምርቃቷ ያነሳኋትን ፎቶ «ብጉሬን አጥፋልኝ» ብላ ላከችልኝ። አጠፋሁላት። ምንም አልከበደኝም። ብጉር በሳምንት ይሄዳል፤ እሷ የምታስታውሰው ፊቷም ብጉር የሌለበት ነው። «ትንሽ ቀይ አድርገኝ» ስትለኝ ግን እጄ ቆመ። «ለምን?» አልኳት። «እንዲሁ፣ ፎቶ ላይ ያምራል» አለችኝ። የሸርሊን ታሪክ ልነግራት ጀመርኩ፣ በመሐል «ኧረ በናትህ!» ብላ አቋረጠችኝ። ፊቱ የሷ ነው፤ ምርጫውም የሷ። በመጨረሻ ሁለት ቅጂ ሠራሁላት፤ አንዱ ብርሃኑ ብቻ የተስተካከለ፣ አንዱ እንዳለችው። የትኛውን እንደለጠፈች አልነግራችሁም።

ፎቶ ቃል ነው

ታዲያ መስፈርቱ ምንድን ነው? ለኔ የሠራልኝ ፎቶን እንደ ቃል ማሰብ ነው። ሰው ቃል ሲሰጥ ለአንድ ሰው፣ ስለ አንድ ነገር ነው የሚሰጠው። ውሸት መሆኑም የሚታወቀው ከዚያ ቃል አንጻር ነው።

ለጋዜጣ የሚሄድ ፎቶ ቃሉን የሚሰጠው ለማያውቀን ተመልካች ነው፤ «ይህ እንዲህ ሆኗል» ይላል። እዚያ ላይ አንድ ነገር ማጥፋት ቃል ማጠፍ ነው። የወርልድ ፕረስ ፎቶ ውድድር በ2015 እ.ኤ.አ. ከመጨረሻው በፊት ወዳለው ዙር ከደረሱት ሥራዎች 20 በመቶውን በመነካካት ምክንያት ማስወጣቱ ለዚህ ነው። የፕሮፋይል ፎቶ ግን ቃሉን የሚሰጠው ለተነሳው ሰው ነው። «አንተን አንተ በምትፈልገው መልክ አሳይሃለሁ» ይላል። የተሸካሚው ልጅ ጫማ እዚያ ውስጥ የመግባት ግዴታ የለበትም። ለልጅ የሚላክ የእናት ፎቶ ደግሞ ሦስተኛ ነው። ቃሉ በእናትና በልጅ መካከል ነው፣ አንሺው ፖስተኛ ነው። ፖስተኛ ደብዳቤ ከፍቶ አያሳምርም።

ስለዚህ አሁን ሌንስ ከመቀየሬ በፊት ራሴን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ይህ ፎቶ ለማን ነው? ሰውየው ለፎቶው ብሎ ያስተካከለው ምኑን ነው? እጁ ወደ ፀጉሩ ሄደ፣ ወደ ዕቃው፣ ወይስ ወደ ልጁ? ሦስተኛው፣ የማጠፋውን ነገር ለባለቤቱ እያሳየሁ ላጠፋው እችላለሁ? እያሳየሁት ማጥፋት የማልችለውን ተደብቄም ማጥፋት የለብኝም። ይህ ሁሉንም አይፈታም። መናገር ለማይችል፣ ለሚሞት፣ ለሚያለቅስ ሰው ጥያቄዎቹ መልስ የላቸውም። እዚያ ላይ ያለኝ አንድ ነገር ቢኖር እዳውን መርሳት እንደሌለብኝ ማወቅ ነው። ፊቱን ብቻ የወሰደ ሰው ገበያውን ለመመለስ ሌላ ቀን መምጣት አለበት።

እኔም ወደ እማማ ተመለስኩ። በዚህኛው ሰኞ 35 ሚሊ ሜትር ይዤ፣ አፐርቸሩን 8 ላይ አድርጌ፣ ከእሳቸው አንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ቁጢጥ አልኩ። በዚህ ርቀት ከ1.2 እስከ 2.1 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ይላል፤ እሳቸውም፣ ቅመሙም፣ ሚዛኑም፣ የጎረቤታቸው ጆንያም ገባ። ቅርብ ስለሆንኩ ሳነሳ እያወሩኝ ነበር፤ ስለ ኮረሪማ ዋጋ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ልጃቸው። ዋይድ ሌንስ ጠርዝ ላይ ያለውን ስለሚለጥጥ ፊታቸውን መሐል አደረግኩ። ኤዲቲንግ ላይ የነጠላውን ጥላ ብቻ ከፊታቸው አነሳሁ። ነጥቧ ቦታዋ ላይ ናት።

እዚያው ስልኬ ላይ አሳየኋቸው። «ይሄ ጆንያ ምን በልቶ ነው እንዲህ የወፈረው?» ብለው ጠርዝ ላይ የተለጠጠውን የጎረቤታቸውን ጆንያ እያዩ ሳቁ። ከዚያ ለልጃቸው ላክንላት። እኔ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ፊታቸው አንድ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። መልሱ በድምፅ መጣ፣ እማማ ስልኬን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሰሙት፣ እኔም ሰማሁት።

«እማዬ፣ ሚዛኑን ቀየርሽው እንዴ?»